በገዛ ቤት ደጅ ስለሚሰቀል የምርጫ ምልክት

በምርጫ ወራት የእጩዎች ሥዕልና የፓርቲዎች ምልክት በየመንገዱ ይለጠፋል። ምልክት የሚባለው ፊደል ያልቈጠረ ሰው እንኳ ከድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ የወደደውን በዓይኑ ለይቶ እንዲያውቅ የሚሰጥ ሥዕል ነው፤ በ1997 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ምልክት ንብ ነበረ፥ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ብልጽግና በአምፖል፥ ኢዜማ በሚዛን ቀረቡ። እንግዲህ በመካነ ብርሃን ከተማ ወይም በጃናሞራ ገጠር ያለ ባለቤት ይህን ሥዕል በመዝጊያው ቢለጥፍ ወይም በአጥሩ ቢሰቅል፥ አውርድ ሊለው የሚችል ማነው? ጠብ ተነሥቶ ነገሩ ወደ መምህርና ወደ ሽማግሌ በመጣ ጊዜ ሕጉን ዐውቆ መገኘት ይገባል።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሰው ሁሉ ሐሳቡን በቃልም ቢሆን፥ በጽሑፍም፥ በሥነ ጥበብም፥ ወይም በመረጠው በማናቸውም መንገድ ይገልጽ ዘንድ መብት ሰጥቶታል። በአንቀጽ 40 ደግሞ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ቢሆንም ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ የሠራው ቤት የራሱ ንብረት መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ በገዛ ደጁ የሰቀለውን የቀበሌ ሹም ስላልወደደው ብቻ ሊያወርደው አይገባም፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድም ማንም ሰው፥ የገዢው ፓርቲ ሰው ቢሆን እንኳ፥ በመዝጊያው ላይ ሊለጥፍበት አይገባም። ይህ ሁለተኛው ከፊተኛው ይልቅ የሚረሳ ይመስላል። ሌሊት ተለጥፎበት ያደረ ባለቤት ወረቀቱን ሳይቀድ አንሥቶ ለፓርቲው ሰው ቢመልስ ጠብ ይቀራል።

ነገሩ በሌላም አገር ተፈትኗል። በአሜሪካ በሚዙሪ ግዛት ሌዱ በምትባል ትንሽ ከተማ ማርጋሬት ጊሊዮ የተባሉ ሴት በ1983 ዓ.ም. የባሕረ ሰላጤውን ጦርነት የሚቃወም ሰሌዳ በግቢያቸው አቆሙ፤ ፊተኛው ጠፋ፥ ሁለተኛውም ተጣለ። ለፖሊስ ቢያመለክቱ የከተማው ደንብ ይከለክላል ተባሉ። ከዚያም ስለ ሰላም የሚናገር አንድ ትንሽ ወረቀት በመስኮታቸው ለጠፉ፤ ከተማውም ይህንንም የሚከለክል አዲስ ደንብ አወጣ። በመጨረሻ በ1986 ዓ.ም. የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘጠኙ ዳኞች በአንድ ቃል ፈረዱላቸው። የከተማን ውበት መጠበቅ መልካም ቢሆንም፥ ብዙ ገንዘብ የሌለው ሰው ሐሳቡን በርካሽ የሚያሰማበት ስፍራ ደጁ ነው፤ ከቤት የተሰቀለ ቃልም የተናጋሪውን ማንነት ስለሚያሳይ ልዩ ክብደት አለው አሉ። ፍርዱ ኢትዮጵያን አይገዛም፤ ምክንያቱ ግን ለጃናሞራ ባላገር ይልቁን የሚስማማ ነው፤ እርሱ ከደጁ በቀር ምን ጋዜጣ አለው?

መብቱ ግን ወሰን አለው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን በፊት ባሉት አራት ቀኖች ቅስቀሳ እንዳይደረግ ያዛል፤ ሊሰቅል የሚያስብ ሰው ከዚያ አስቀድሞ ይስቀል። የሰንደቅ ዓላማም ነገር ለብቻው ሕግ አለው፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 654 በመካከሉ ዓርማ የሌለውን መያዝ፥ ቃል ወይም ሥዕልም መጨመር ይከለክላል። እንግዲህ የፓርቲ ምልክት በሰንደቅ ዓላማ ላይ አትሞ በአጥር የሰቀለ ሰው አንቀጽ 29ን ጠርቶ አያመልጥም።

ከሁሉ ይልቅ ሽማግሎች ሊጠነቀቁለት የሚገባው ምንም ያልሰቀለው ሰው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 ድምፅ በምስጢር እንዲሰጥ ያደረገው ስለ እርሱ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ሰቅሎ የእርሱ ደጅ ባዶ ቢታይ፥ ልቡ ከማን ጋር እንደ ሆነ መመርመር፥ ወይም በማዳበሪያና በእርዳታ እህል ማስፈራራት ምስጢሩን ከሣጥኑ በፊት መስበር ነው። መምህሩም በቤቱ ደጅ የወደደውን ቢሰቅል መብቱ ነው፤ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ግን አይለጥፍ፤ ተማሪዎችንም በአባታቸው ደጅ ምን እንደ ተሰቀለ አይጠይቅ።