የስቶቭ ሬዚስታንስ ተበጠሰ? ጠምዝዛችሁ ከመቀጠላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

የተበጠሰን ሬዚስታንስ ጠምዝዞ መቀጠል በየቤታችን የተለመደ ነው። ይሠራል፤ ግን አይቆይም። ለምን?

መጋጠሚያው ላይ ሽቦው በደንብ ስለማይነካካ ቦታው ከሌላው በላይ ይግላል፤ እዚያው ይበጠሳል። በቀጠልን ቁጥር ደግሞ ሽቦው ያጥራል፤ ባጠረ ቁጥር የሚስበው ኃይል ይጨምራል። 1000 ዋት የነበረ ስቶቭ የሽቦውን አንድ አሥረኛ ካጣ ወደ 1100 ዋት ይደርሳል። ጭነቱ ሶኬቱና ገመዱ ላይ ነው።

የምንመክራችሁ፦ በአዲስ ቀይሩት፣ ዋቱ ከድሮው ጋር እኩል ይሁን። ስትቀይሩ ማጥፊያውን ብቻ እንዳታምኑ! ስፒናው ተገልብጦ ከተሰካ ስቶቩ ጠፍቶም ሽቦው ሊነዝር ይችላል። መጀመሪያ ስፒናውን ንቀሉ፣ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ንኩት።