የሥነ ፈለክ ክበብ በቡና አገር፤ ተማሪ ያለ ቴሌስኮፕ ምን ሊሠራ ይችላል?

የተማሪዎች የሥነ ፈለክ ክበብ ሊቋቋም ነው ሲባል ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ጥያቄ «ቴሌስኮፕ አላችሁ ወይ?» የሚል ነው። የለንም ያልን እንደ ሆነ ጠያቂው «እንግዲያውስ ምን ልትሠሩ ነው?» ብሎ ያልፋል። የሚያሳዝነው ክበቡ ራሱ ይህን አሳብ መቀበሉ ነው። ደብዳቤ ይጻፋል፤ መልስ ይጠበቃል፤ እስከዚያው ድረስ ፊልም እየታየና ንግግር እየተደረገ ዓመቱ ያልቃል፤ በሁለተኛው ዓመት ከአባሎቹ የሚበዙት አይመለሱም። እኛ ግን በጅማ፣ እንዲሁም በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በሰቃ ለሚኖር ተማሪ ቴሌስኮፑ እስኪመጣ ድረስ ሊሠራ የሚችል እውነተኛ ሥራ ሞልቷል እንላለን። ምክንያታችንንም እንደሚከተለው እናቀርባለን።

ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ኬክሮስ ገደማ ላይ ትገኛለች። ይህ ቁጥር ለካርታ ሠሪ ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ የምናየውን ሰማይ የሚወስነው እርሱ ነው። የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ በላይ ያለው ከፍታ 8 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ኮረብታው ወይም ዛፉ ይሸፍነዋል። በአንጻሩ የለንደን ወይም የኒውዮርክ ሰው ከቤቱ ሆኖ ፈጽሞ ሊያያቸው የማይችሉትን ካኖፐስንና የደቡብ መስቀልን እኛ በቀላሉ እናያቸዋለን፤ የደቡብ መስቀል በጥር ወር ሊነጋ ሲል በደቡብ በኩል 22 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ቆሞ ይገኛል። የመማሪያ መጻሕፍቶቻችን ሥዕሎች አብዛኛዎቹ የተሣሉት ለሌላ አገር ሰማይ ነው። ስለዚህ ክበቡ መጀመሪያ ሊያደርግ የሚገባው መጽሐፉን ከሰማዩ ጋር ማስተያየት ነው።

ከሁሉ የሚቀለው ሥራ የሚሠራው ሌሊት ሳይሆን በቀትር ነው። ርዝመቱ 1 ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ እንጨት በደልዳላ መሬት ላይ ይተከላል፤ ቀጥ ማለቱም ግንበኞች በሚይዙት ቱንቢ ይረጋገጣል። ከዚያም ጥላው ከሁሉ የሚያጥርበት ደቂቃና ርዝመቱ ይመዘገባል። በመጀመሪያው ቀን ተማሪውን የሚያስገርመው ጥላው በሰዓታችን በ6 ሰዓት ሳይሆን ግማሽ ሰዓት ያህል ዘግይቶ የሚያጥር መሆኑ ነው። ምክንያቱም ያገራችን ሰዓት የተቀመረው በኦጋዴን በኩል በሚያልፈው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ሲሆን፣ ጅማ ከዚያ 8 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ትርቃለች፤ ፀሐይም እያንዳንዱን ዲግሪ ለማለፍ 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። ይህን በንግግር አሥር ጊዜ ከመስማት አንድ ቀን በእንጨት ጥላ መለካት ይሻላል።

ሥራው ዓመቱን በሙሉ ከቀጠለ ደግሞ ሌላ ነገር ይገለጣል። በታኅሣሥ 12 አካባቢ የ1 ሜትሩ እንጨት ጥላ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ወደ ሰሜን ይወድቃል። በሰኔ 14 አካባቢ 28 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆንና ወደ ደቡብ ይዞራል። በመካከሉ፣ በሚያዝያ 1 ወይም 2 ቀን፣ እንደገናም በነሐሴ 27 ወይም 28 ቀን ፀሐይ በጅማ አናት ላይ ስለምትቆም በቀትር ጥላ የለም ለማለት ይቻላል። በነሐሴ ደመናው አያሳይም፤ የሚያዝያው ግን አልፎ አልፎ ይገኛል። በመቀሌ የሚማሩ ጓደኞች ያሉን እንደ ሆነ በታኅሣሥ በዚያው ቀን እነርሱም እንዲለኩ ማድረግ ነው። የእነርሱ ጥላ 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ሊሆን ይገባዋል። የሁለቱ ማዕዘኖች ልዩነት 6 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን ያለው ርቀት 645 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኤራቶስቴንስ በግብፅ ባደረገው ዓይነት ስሌት የመሬት ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑ ከዚህ ይወጣል። ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ መከራከሩ ከውጤቱ የበለጠ ያስተምራል።

አሁን ወደ ሌሊቱ እንመለስ። ያገራችን ዝናብ ለከዋክብት ተመልካች ደግ አይደለም፤ በጅማ በኩል ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ሰማዩ ብዙ ጊዜ የተሸፈነ ነው። ሰማይ የሚጠራው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ ይህም ቡና የሚለቀምበትና የሚሰጣበት ወራት ነው። ለዚህ አስተያየት የምንሰጥበት ምክንያት አለን። በለቀማ ጊዜ የአጋሮና የሊሙ ተማሪ ቀኑን ከቤተሰቡ ጋር ስለሚውል ከሰዓት በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ባዶውን ይቀራል። ማታ ግን እሸቱ ተለቅሞ ከገባ በኋላ፣ ጀንፈሉን የሚጠብቁትም ሰዎች ከውጭ ስለሚያድሩ፣ ክበቡ ወደ እነርሱ ቢሄድ ተመልካች አያጣም። ደግሞም የገጠሩ ሰማይ ከከተማው የመብራት ብርሃን የራቀ ስለ ሆነ እንግዳው ከባለቤቱ ይልቅ ይጠቀማል።

በዚሁ ወቅት በማታው ሰማይ ላይ ከፍ ብሎ የሚታይ አንድ ኮከብ አለ፤ ስሙም ቡና ነው። ነገሩ ቀልድ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት የተመሠረተበትን 100ኛ ዓመት ሲያከብር ከ100 ለሚበልጡ አገሮች ለእያንዳንዳቸው አንድ ኮከብና በርሱ ዙሪያ የምትዞር አንዲት ፕላኔት እንዲሰይሙ ዕድል ሰጠ። ለኢትዮጵያ የደረሰው በሊቃውንቱ መዝገብ ኤችዲ 16175 የሚባለው ኮከብ ሲሆን፣ በታኅሣሥ 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮከቡ «ቡና»፣ ፕላኔቲቱም «አቦል» መባላቸው ተገለጠ። ሌሎች ፕላኔቶች የተገኙ እንደ ሆነ ቶናና በረካ ገና አልተነኩም። ኮከቡ ያለበት የከዋክብት ምድብ አንድሮሜዳ ነው፤ ግሪኮች በተረታቸው አንድሮሜዳን የኢትዮጵያ ንጉሥ የሴፊየስ ልጅ ያደርጓታል፤ ምንም እንኳ በነሱ አፍ «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ሁሉ የሚያመለክት ቢሆን።

ቡናን በዐይን ብቻ ማየት አይቻልም፤ ብርሃኑ 7ኛ ደረጃ ገደማ ነውና። በጦር ሜዳ መነጽር ግን ይታያል። በታኅሣሥ መጨረሻ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ፊትን ወደ ሰሜን አዙሮ 56 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ መመልከት ነው። በስተግራ አልማክ፣ በስተቀኝ አልጎል የሚባሉ ሁለት ደማቅ ኮከቦች አሉ፤ በመካከላቸው 12 ዲግሪ ያህል ርቀት ሲኖር፣ ቡና እኩሌታው ላይ ይገኛል። በዚያው በመነጽሩ ክብ ውስጥ ሜሲየ 34 የሚባለው የከዋክብት ጉባኤ ይታያል። ቡና ከርሱ ወደ ግራና ወደ ላይ፣ የሙሉ ጨረቃን ስፋት ሁለት ጊዜ ከጥቂት ያህል ርቆ ነው። በዙሪያው መሰሎቹ ስላሉ የትኛው እንደ ሆነ ለመለየት የካርታ ንባብ ያስፈልጋል፤ ጥቅሙም በዚሁ ላይ ነው።

ኮከቡ የሚርቀን 200 የብርሃን ዓመት ያህል ስለ ሆነ ዛሬ የምናየው ብርሃን የተነሣው ቀዳማዊ አባ ጅፋር የጅማን መንግሥት ባቋቋሙበት ዘመን አካባቢ ነው። አቦል ግን በማናቸውም መነጽር አትታይም። ክብደቷ ከጁፒተር ከ4 እጥፍ በላይ ሲሆን ዙሪያዋን ለመፈጸም 1,000 ቀን ያህል ይፈጅባታል፤ መኖሯም የታወቀው በስበቷ ኮከቡን ወዲያና ወዲህ ስታወዛውዘው፣ ይህም በኮከቡ ብርሃን መሥመሮች ላይ ሲታይ ነው። ፊዚክስ የሚያጠና ተማሪ የዶፕለርን ሕግ ከዚህ ቢጀምር አይረሳውም።

በስተቀኝ የጠቀስነው አልጎል ደግሞ ምንም መነጽር አያስፈልገውም። በየ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃው የደበዘዘው ጓደኛው በፊቱ ስለሚያልፍ ብርሃኑ ከአልማክ ጋር ከሚስተካከልበት ደረጃ ዝቅ ብሎ ሲሦው ያህል ብቻ ይቀራል፤ መደብዘዙና መመለሱም በጠቅላላው 10 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከአልማክ ጋር በየግማሽ ሰዓቱ እያነጻጸሩ መመዝገብ፣ ከዚያም በወረቀት ላይ መሥመሩን መሣል የአንድ ወር ሥራ ይሆናል። እንዲህ ያለውን መዝገብ በ1911 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአሜሪካ የተለዋዋጭ ከዋክብት ተመልካቾች ማኅበር ከማናቸውም አገር ሰው ይቀበላል። ይሁንና ቀን፣ ሰዓትና የተመልካቹ ስም ያልተጻፈበት ማስታወሻ ለማንም አይጠቅም።

ቴሌስኮፕን የምንንቅ አይደለንም። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ በእንጦጦ ተራራ፣ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ የመስታወታቸው ስፋት 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ቡና ስሙን ባገኘ በ3ኛው ቀን፣ የመጀመሪያዪቱ ያገራችን ሳተላይት ከቻይና ተተኮሰች። እነዚህን ሥፍራዎች መጎብኘት መልካም ነው። ነገር ግን አልጎልን በዐይኑ መዝግቦ የማያውቅ ተማሪ ከእንጦጦ የሚያመጣው ፎቶግራፍ ብቻ ነው።

ገና ያልተነካ ሌላ ሥራም አለ። የቦረና አያንቱዎች ጨረቃን ከ7 ከዋክብትና የከዋክብት ምድቦች ጋር እያስተያዩ ወራትን እንደሚቈጥሩ አስመሮም ለገሠ በ1973 እ.ኤ.አ. ስለ ገዳ ባሳተሙት መጽሐፍ ገልጠዋል፤ መጽሐፍ ቅዱሳችን ሰባቱ ከዋክብት የሚላቸውንም ቦረናዎች ቡሳን ይሏቸዋል። የቦረና ደንብ የጅማ ነው ለማለት አንደፍርም። ይሁን እንጂ በጎማና በሊሙ ያሉ አባቶችና እናቶች ለከዋክብት ምን ስም እንዳላቸው፣ የትኛው ሲወጣ ምን ይዘራ እንደ ነበር በአክብሮት ጠይቆ በኦሮምኛው እንዳለ መጻፍ የቋንቋም የታሪክም ተማሪ ክበቡን እንዲቀላቀል ያደርጋል።

በቅርቡ የሚጠብቀን ደግሞ በሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚሆነው የፀሐይ ግርዶሽ ነው። ሙሉው ግርዶሽ በግብፅ፣ በየመንና በሶማሊያ በኩል ያልፋል፤ ለጅማ ከቀትር በኋላ በከፊል ይደርሳታል። በሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ የቀለበት ግርዶሽ በታየ ጊዜ እንደ ነበረው ሁሉ ወሩ የክረምት ነው። ስለዚህ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ ደመና ከመጠበቅ አባሎች በጅሬን ኮረብታ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በሰቃ ቢከፋፈሉ አንዱ ቀዳዳ ሊያገኝ ይችላል። ፀሐይን በጦር ሜዳ መነጽር ወይም በራጅ ፊልም ማየት ዐይን ያጠፋልና ለየትምህርት ቤቱ አስቀድሞ መነገር አለበት። በመርፌ የተበሳ ካርቶንና ነጭ ወረቀት ይበቃል፤ ካርቶኑንም በዚያ ቀን ሳይሆን ሰማዩ በጠራበት በጥር ወር መሞከር ነው።