ለካርቱም ፀሐይ የሚስማማው ገጽ

ካይሮ ትጽፋለች፣ ቤይሩት ታትማለች፣ ካርቱም ታነባለች ይላሉ ሱዳኖች። ኢራቃውያን በካርቱም ቦታ ባግዳድን ያስገባሉ፤ ክርክሩን ለእነሱ እንተውላቸው። ካርቱም ግን እውነትም መጽሐፍ የምትወድ ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ባለሥልጣናት እስኪከለክሉት ድረስ፣ መሀል ከተማ አትኔ አደባባይ ላይ «መፍሩሽ» የሚባል የአሮጌ መጻሕፍት ገበያ በየወሩ ይዘረጋ ነበር። በዴይምና በጀሪፍ ሰፈሮች የሚኖረው ሐበሻ ግን ከዚያ ገበያ ብዙም የሚያገኘው አልነበረም። የአማርኛ መጽሐፍ ወይ በመተማ በኩል በሰው ሻንጣ ይመጣ፣ ወይ በቴሌግራም ይላክ ነበር። ቴሌግራሙ ከሻንጣው በለጠ፤ ማንበብም በስልክ ማንበብ ሆነ።

በስልክ ማንበብ በካርቱም ቀትር ምን እንደሚመስል ለማየት ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ የምታፈላን ሴት መመልከት ይበቃል። ደንበኛ ቀነስ ሲል ስልኳን ታወጣለች። የስክሪኑን ብርሃን እስከ መጨረሻው ትገፋዋለች፤ በመዳፏ ትጋርደዋለች፤ እሱም አልሆን ሲል ነጠላዋን በራሷና በስልኩ ላይ ጣል አድርጋ ከውስጥ ታነባለች። በ40 ዲግሪ ሙቀት ነጠላ ውስጥ ተሸፍኖ ልብ ወለድ ማንበብ ከባድ ፍቅር ይጠይቃል።

ነገሩ የብርሃን ሒሳብ ነው። የስልክና የታብሌት ስክሪን የራሱን ብርሃን ያመነጫል። በተለመደው የኤልሲዲ ስክሪን ውስጥ ከጀርባ የተደረደሩ ትንንሽ መብራቶች አሉ፤ ብርሃናቸው በማጣሪያዎች፣ በፈሳሽ ክሪስታልና በቀለም ንጣፎች ውስጥ አልፎ ወደ ዓይን ሲደርስ አብዛኛው መንገድ ላይ ቀርቷል። አንድ መካከለኛ ስልክ የሚያወጣው፣ በድምቀት መለኪያው በኒት ሲሰላ፣ 500 ገደማ ነው። የቀትር ፀሐይ በበኩሏ 100,000 ሉክስ ያህል ብርሃን ታወርዳለች፤ ካርቱም ላይ ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጨረሻ አካባቢና በነሐሴ መጀመሪያ፣ ልክ አናት ላይ ትቆማለች። ከዚያ ብርሃን 40 በመቶውን ብቻ የሚመልስ ገጽ ቢኖር ከ12,000 ኒት በላይ ይደምቃል። ስልኩ ከፀሐይ ጋር ይታገላል፤ የሚመልሰው ገጽ ግን በፀሐይዋ ይጠቀማል።

እንዲህ ያለው ገጽ ኤሌክትሮኒክ ወረቀት ይባላል። ሐሳቡ በ1970ዎቹ በዜሮክስ የምርምር ማዕከል በኒክ ሸሪደን ተጀመረ። ዛሬ በብዛት የምናየውን ዓይነት ግን የኤምአይቲው ጆሴፍ ጃኮብሰንና ተማሪዎቹ ሠርተው፣ በ1997 ኢ ኢንክ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። በገጹ ውስጥ ከፀጉር ውፍረት የማይበልጡ እጅግ ብዙ እንክብሎች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ እንክብል ውስጥ ጥርት ያለ ፈሳሽ አለ፤ በፈሳሹ ውስጥ ነጭና ጥቁር ብናኞች ይዋኛሉ፤ አንዱ ወገን ፖዘቲቭ፣ ሌላው ነጋቲቭ ኤሌክትሪክ የያዘ ነው። ከሥር ኤሌክትሪክ ሲነካቸው አንዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ይሰምጣል። ነጩ ላይ ከወጣ ወረቀት፣ ጥቁሩ ከወጣ ቀለም ሆኖ ይታያል። ዋናው ነገር ከዚያ በኋላ ነው፦ ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥም ብናኞቹ ባሉበት ይቆያሉ። ገጹ ባትሪ የሚበላው ሲገለጥ ብቻ ነው፤ አንባቢው አንድ ገጽ ላይ ሰዓት ሙሉ ቢያፈጥ ምንም አይጎድልበትም።

ሶኒ በ2004 ጃፓን ውስጥ ሊብሪዬ የተባለውን የመጀመሪያውን ባለ ኢ ኢንክ ማንበቢያ ሸጠ። አማዞን ደግሞ በኅዳር 2007 ኪንድልን በ399 ዶላር አወጣ። ካርቱም በዚያን ጊዜ ከ1997 ጀምሮ በአሜሪካ ማዕቀብ ሥር ነበረች፤ ማዕቀቡ የተነሣው በጥቅምት 2017 ነው። በካርድ ከፍሎ ከአማዞን መግዛት ለከተማዋ ነዋሪ የማይታሰብ ነበር። ማንበቢያው ከመጣም የሚመጣው ከዱባይ ወይ ከጂዳ፣ በዘመድ እጅ ነው።

የባትሪው ነገር ለካርቱም ሰው ከፀሐዩም ይበልጥ ይገባዋል። በበጋ መብራት በተራ በሚጠፋባት ከተማ ስልክ መጀመሪያ ለመደወል፣ ከዚያ ብር ለመላክ ነው፤ ለመጽሐፍ የሚተርፍ ባትሪ የለም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ በኋላማ ቻርጅ የተደረገ ስልክ የመውጫ መንገድ መጠየቂያ ሆነ። ኤሌክትሮኒክ ወረቀት አንዴ ቻርጅ ተደርጎ ሳምንታት ይቆያል ይባላል። እዚህ ላይ ግን የማስታወቂያው ትንሽ ጽሑፍ ይነበብ፦ ሳምንታቱ የሚቆጠሩት ሰውየው በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ ያነባል ተብሎ ነው።

ሙቀቱንም ማንሳት አለብን። ለኪንድልም ለአይፓድም አምራቾቹ የጻፉት የአካባቢ ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ነው። የካርቱም የግንቦት ቀን በአማካይ ከ41 ያልፋል። በወረቀት ላይ የተጻፈው ሕግ ከተከበረ ሁለቱም በዚያ ወር ቀን ቀን መከፈት የለባቸውም!

የስልክ ስክሪን «ዓይን ያቃጥላል» የሚለው ክስ ግን ከሚገባው በላይ የተጋነነ ይመስለኛል። በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ጥሩ ኤልሲዲንና ኢ ኢንክን አነጻጽሮ በዓይን ድካም ላይ የጎላ ልዩነት አላገኘም። እንቅልፍን በተመለከተ ነገሩ ይለያል፤ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በ12 ሰዎች ላይ አድርገው በ2014 ባሳተሙት ሙከራ፣ ማታ በአይፓድ ያነበቡት በወረቀት መጽሐፍ ካነበቡት ይልቅ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው 10 ደቂቃ ያህል ዘግይተዋል። ከ2012 ወዲህ የወጡት ብዙ ማንበቢያዎችም መብራት አላቸው፤ ብርሃኑ ከጠርዝ ተነሥቶ ወደ ገጹ ይወርዳል እንጂ ከጀርባ ወደ ዓይን አይተኮስም። ቢሆንም እሱም ብርሃን ነው፤ ማታ ዝቅ ማድረጉ አይከፋም።

እስካሁን ያለው በአብዛኛው ለኤሌክትሮኒክ ወረቀት ያደላል። ለአማርኛ አንባቢ ግን ሚዛኑ የሚገለበጥበት ቦታ አለ። የመጀመሪያው ኪንድል በአንድ ኢንች 167 ነጥብ ብቻ ነበረው። ላቲን ፊደል በዚያ ይነበባል፤ የእኛ ግን ልዩነቱ በእግር ጫፍ ላይ ነው። ፊደሉ ሲያንስ የቤ ቀለበት ይደፈንና ቢ ይመስላል፤ ሊና ሌም እንዲሁ። ከ2014 በኋላ የመጡት 300 ነጥብ ያላቸው ማንበቢያዎች ይህን ፈቱት። ከ2018 ጀምሮ ኪንድል የራስን ፎንት መጫን ስለፈቀደ፣ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ ፎንት ገብቶበት የተተየበ አማርኛ እንደታተመ መጽሐፍ ጥርት ብሎ ይታያል።

ችግሩ መጽሐፉ የተተየበ አለመሆኑ ነው። በቴሌግራም የሚዞረው ፒዲኤፍ አብዛኛው የገጽ ፎቶ ነው፤ ጠርዙ የጠቆረ፣ መሀሉ የታጠፈ፣ አንዳንዴም ያነሣው ሰው አውራ ጣት የሚታይበት። የተለመደው ጥቁርና ነጭ ኢ ኢንክ የሚያውቀው 16 የግራጫ ደረጃ ብቻ ስለሆነ፣ ቢጫ የሆነ የድሮ ገጽ ግራጫ በግራጫ ላይ ይሆናል። በስድስት ኢንች ገጽ ላይ ለማጉላት ሲሞከር ደግሞ ገጹ ጥቁር ብልጭ እያለ እንደገና ይሳላል፤ ወደ ቀኝ ገፋ፣ ብልጭ፣ ወደ ታች ገፋ፣ ብልጭ። በስልክ ሁለት ጣት ይበቃ ነበር። ስለዚህ የሻይዋ ባለቤት ነጠላዋ ውስጥ ብትቆይ አልፈርድባትም፤ የጎደለው ከስክሪኑ ይልቅ መጽሐፉ ነው።

ለጊዜው ማስታገሻ አለ። ኮሪደር የሚባል በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ኮቦና ፖኬትቡክ በተባሉት ማንበቢያዎች ላይ፣ በብዙ ኪንድሎችም ላይ ይጫናል። የገጹን ፎቶ በቃላት መካከል ባለው ክፍት ቦታ እየቆረጠ፣ አጉልቶ፣ በጠባቡ ስክሪን ልክ መልሶ ይደረድረዋል። የሚያየው ክፍተቱን እንጂ ፊደሉን ስላልሆነ ግእዝ መሆኑ አያስቸግረውም። ትዕግሥት ያለው ደግሞ አማርኛም በሚያነበው፣ ቴሰራክት በተባለው ሶፍትዌር ፎቶውን ወደ ጽሑፍ ቀይሮ፣ የተሳሳቱትን ፊደላት በእጁ ማረም ይችላል። ለዚህ ግን ኮምፒውተር ያስፈልጋል፤ መብራትም።