ከሲቲ ስካኑ በኋላ ለምን ይጠበቃል?

ለጡት ካንሰር ጨረር የታዘዘላቸው፣ በጌዴኦ የባንኮ ጎቲቲ አክስቶቼ ሲደውሉ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ሲቲ ስካኑን ተነሥቻለሁ፣ ጨረሩን ለምን ወዲያው አይጀምሩልኝም?» የደረሰ ቡና ጥሎ፣ በይርጋጨፌና በዲላ አልፎ አዲስ አበባ ለገባ ሰው እያንዳንዱ ቀን የአልጋ ኪራይ ነው። እባካችሁ ይህን አንብቡላቸው።

ወረፋውን እንተወውና፣ በእነዚያ ቀናት የሚሠራ ሥራ አለ። ይህኛው ሲቲ ስካን በሽታ መፈለጊያ አይደለም። እጅ ከራስ በላይ ተደርጎ፣ ልክ በሕክምናው ቀን እንደሚተኛው ተተኝቶ የሚነሣ ነው። ሐኪሙ ምስሉን በኮምፒውተር እየገለጠ ጨረር የሚያስፈልገውን ቦታ ያሰምራል፤ ጡቱን ወይም ጡቱ የወጣበትን ደረት፣ ካስፈለገም የብብቱን ዕጢዎች። ልብንና ሳንባንም ያሰምራል፤ እነዚህ እንዲጠበቁ ነው። ከዚያ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያው ጨረሩ ደረትን በጎን እየታከከ እንዲያልፍ ከሁለት አቅጣጫ ያስገባዋል። ኮምፒውተሩ ልብ ስንት ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው)፣ ሳንባ ስንት ግሬይ እንደሚደርሰው ያሰላል። ከበዛ አቅጣጫው ተቀይሮ እንደገና ይሰላል።

በተለይ ሕመሙ በግራ ጡት ከሆነ ይህን ልፋት አታቅልሉት። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የስዊድንና የዴንማርክ ጥናት ልብ በአማካይ በሚደርሰው በእያንዳንዱ ግሬይ ከባድ የልብ ሕመም የመከሰት ዕድሉ በ7.4 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል። ጉዳቱ ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። አንዳንድ ቦታ «አየር ስበሽ ያዢ» የሚባለውም ለዚሁ ነው፤ ሳንባ ሲሞላ ልብ ከደረት ግድግዳ ይርቃል።

የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1997 በኮባልት ማሽን ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ቦታ ነበር። ዛሬ እንደ ጅማ ያሉ ማዕከላት ተጨምረዋል። ለጌዴኦ ሴት ግን መንገዱ አሁንም ረጅም ነው፤ ስለዚህ «ስንት ቀን ነው የምታከመው?» ብላ መጠየቅ መብቷ ነው። የጥንቱ ልማድ 25 ቀን ነበር፤ በኋላ 40 ግሬይ በ15 ቀን እንደሚበቃ ተረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የእንግሊዝ ጥናት 26 ግሬይ በ5 ቀን ብቻ ተሰጥቶ፣ አምስት ዓመት በተደረገው ክትትል ከ15ቱ ቀን ያላነሰ ውጤት ማሳየቱን አስነበበ። ለሁሉም ሴት አይሆንም፤ ሐኪሟ ይወስናል። አንድ ሳምንትና አምስት ሳምንት ግን ለገበሬ ቤት ሰማይና ምድር ነው።

ጨረሩ እስኪጀመር ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የታዘዘውን የትከሻ እንቅስቃሴ አትተዉ፤ እጅ ወደ ላይ ካልተነሣ አተኛኘቱም ዕቅዱም ይቸግራል። በሲቲ ስካኑ ጊዜ ደረት ላይ የተደረገውን ምልክት በሳሙና አትሹት። ከደበዘዘ ለባለሙያዎቹ ንገሩ እንጂ በራሳችሁ እስክሪብቶ አትሙሉት።