የምልክትና የስውር ትርጉም ንባብ በክፍል ውስጥ

በእንጦጦ ተራራ ላይ የሚገኘው የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት ስፍራ ነው። ሕንፃው ስምንት ማዕዘን ሲሆን የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል ተሸፍኗል። ተማሪዎቹን ወደዚያ ለሚወስድ መምህር «ይህ ምን ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ መቅረቡ አይቀርም።

የተዘጋጀ መልስ መስጠት ቀላል ነው። በኢትዮጵያ ባህላዊ ሥዕል ጻድቃን በሙሉ ፊት፣ ክፉዎች ግን በጎን ገጽ በአንድ ዐይን ይሣላሉ። በዐድዋ ጦርነት ሥዕሎችም የጠላት ወታደሮች በአብዛኛው እንዲሁ ይታያሉ። ሆኖም ይህን የተማረ ልጅ በጎን ገጽ የተሣለውን ሁሉ በክፋት ቢፈርጅ ይሳሳታል፤ ሠዓልያን ሁሉ ደንቡን ሁልጊዜ አልጠበቁምና። ደንቡ መንገድ ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም። የባለ ሥዕሉ ማንነት ከታሪኩ፣ ከጽሕፈቱና በሥዕሉ ውስጥ ከያዘው ቦታ ጋር ተገናዝቦ መታወቅ አለበት።

ይህ ጥንቃቄ ከአገር ውስጥ ትምህርት የራቀ አይደለም። የቅኔ ሰምና ወርቅ ስሙን ያገኘው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው በሰም ቅርጽ አበጅቶ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በቦታው ይፈስሳል። ስለዚህ ወርቁ ሰሙ ከሰጠው ቅርጽ ሊወጣ አይችልም። ስውሩ ትርጉምም እንደዚሁ በሚታየው ቃል የተወሰነ ነው። «አለ» ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ነው፤ ከዚህ ውጭ አንባቢው የሚመኘውን ሁሉ አይሸከምም። የመጻሕፍት አንድምታም «አንድም» እያለ ልዩ ልዩ ትርጓሜዎችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ተማሪውም የአንዱን ስምረት ከሌላው ጋር ይመዝናል።

ከዚህ በመነሣት መምህሩ ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ሊያቀርብ ይችላል። በዐይን የሚታየው ምንድን ነው? ለተሰጠው ትርጉም ማስረጃው ምንድን ነው? ሌላስ ምን ትርጉም ሊኖረው ይችላል? ለምሳሌ ስምንት ማዕዘን መኖሩ በመቁጠር ይረጋገጣል። የስምንት ቁጥር ምሥጢር ግን ከሠሪዎቹ ወይም ከካህናቱ ትውፊት ማስረጃ እስኪቀርብለት ድረስ ግምት ተብሎ ይመዘገባል። ግምት ነውር አይደለም፤ ነውሩ ግምትን እንደ እውቀት ማስተማር ነው።

ጉዳዩ የሥርዓተ ትምህርት አቃጆችንም ይመለከታል። ፈተናው ለእያንዳንዱ ምልክት አንድ የተሸመደደ ፍች ብቻ የሚቀበል ከሆነ፣ መምህሩ በክፍል ውስጥ የዘራውን የማመዛዘን ልማድ መልሶ ይነቅለዋል። ነጥቡ ለፍቹ ብቻ ሳይሆን ለቀረበውም ማስረጃ ቢሰጥ ግን፣ ተማሪው ከመምህሩ ፊት ሲርቅም የሚመራበት የራሱ ሚዛን ይኖረዋል።