እስከ ዛሬ ተወልዶ ያለፈው ሰው ስንት ነው

ከቀድሞ ጀምሮ ከሞቱት ሰዎች ይልቅ ዛሬ በሕይወት ያሉት ይበዛሉ የሚል ነገር በ1970ዎቹ ዓመታት ተነሥቶ እስከ ዛሬ ድረስ በየስፍራው ሲነገር ይሰማል። ነገሩ ለጆሮ ደስ ያሰኛል፤ የዛሬው ሰው ከቀደሙት ሁሉ የበለጠ መስሎ እንዲታየው ያደርጋልና። ዳሩ ግን ሒሳቡን ለሚመረምር ሰው ከእውነት እጅግ የራቀ ሆኖ ይገኛል። ከዚህ በታች የሚነሡት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ ነው ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ በዋሽንግተን ከተማ የሚገኘው ፖፑሌሽን ሬፈረንስ ቢሮ የሚባለው ድርጅት፣ ካርል ሃውብ በሚባል የሕዝብ ቍጥር ዐዋቂ እጅ በ1995 ባወጣው ግምት፣ እስከዚያ ጊዜ በምድር ላይ የተወለደው ሰው 105 ቢሊዮን ያህል ነው አለ። ቢሊዮን ማለት ሺህ ጊዜ ሚሊዮን ነው። በ2022 ሒሳቡ ታርሞ 117 ቢሊዮን ሆነ። በዚያው ዓመት በሕይወት ያለው ሕዝብ 8 ቢሊዮን ስለ ነበረ፣ የሞቱት 109 ቢሊዮን ገደማ ይሆናሉ። ይኸውም ለአንድ ሕያው ሰው 14 ያህል ሙታን ይደርሱታል ማለት ነው።

ያልተጻፈውን ማን ቈጠረው የሚል ሰው ቢኖር ጥያቄው ትክክል ነው። ማንም አልቈጠረውም። ሊቃውንቱ የሚያደርጉት እንዲህ ነው፤ በአንድ ዘመን በምድር ላይ ስንት ሰው እንደ ኖረ ይገምታሉ፤ ቀጥሎም ከ1000 ሰው መካከል በዓመት ስንት ልጅ እንደ ተወለደ ይገምቱና ሁለቱን ያባዛሉ። በክርስቶስ ልደት ጊዜ የዓለም ሕዝብ 300 ሚሊዮን ያህል ነበረ ይባላል። ለቀደመው ዘመን ከ1000 ሰው በዓመት 80 ልጅ ይወለድ ነበር ብለው ስለሚይዙ፣ በዚህ ስሌት በየዓመቱ 24 ሚሊዮን ሕፃናት ይወለዱ ነበር ማለት ነው። ሆኖም ሕዝቡ ብዙ ሳይጨምር ለብዙ ምእት ዓመት ቈይቷል። እንግዲህ በየዓመቱ የተወለደውን የሚያህል በየዓመቱ ይሞት ነበር። ሕያዋን ይበዛሉ የሚለው ሰው የሳተውም በዚሁ ነው፤ የቆመውን ሕዝብ ብቻ ተመልክቶ፣ ሳይቆም የወደቀውን ረሳ።

ዛሬ በዓለም ከ1000 ሰው በዓመት የሚወለደው ልጅ 20 እንኳ አይሞላም። በጥንት ዘመን 80 ያስፈለገው ከሚወለዱት መካከል ግማሽ ያህሉ ለአቅመ አዳም ሳይደርሱ ይቀሠፉ ስለ ነበረ ነው። ስለዚህ ሙታን ሲባል ሽማግሌዎችን፣ ነገሥታትንና የጦር ሰዎችን ብቻ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። ከዚያ ታላቅ ጉባኤ እጅግ ብዙው ክፍል የሕፃናት ነው።

የቈጠራው መነሻ ዘመን ብዙ ክርክር ያስነሣል። በኢትዮጵያ በኦሞ ሸለቆ፣ በኪቢሽ አጠገብ፣ በ1967 የተገኘው የሰው አጽም በ2022 በወጣው ምርመራ ከ230,000 ዓመት የማያንስ ዕድሜ ተሰጥቶታል። የ1995ቱ ሒሳብ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ50,000 ዓመት ሲነሣ፣ የ2022ቱ ደግሞ ከ190,000 ዓመት ይነሣል። በሌላ በኩል ባሕረ ሐሳብን የተማረ ሰው ከፍጥረት እስከ ልደት 5500 ዓመት ይቈጥራል። የሚያስደንቀው ግን ድምሩ በዚህ ክርክር ብዙ አለመናወጡ ነው። እርሻ ሳይስፋፋ የሰው ቍጥር ጥቂት ስለ ነበረ፣ ከ5500 ዓመት በፊት ያለውን ሁሉ ቢተውት የሚጐድለው አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ድምሩን የሚያናውጠው የመነሻው ዘመን ሳይሆን የልደቱ መጠን፣ ማለት በየቤቱ ተወልዶ የሞተው ሕፃን ቍጥር ነው።

ይህን ቍጥር ከግምት ወደ ዕውቀት ማሻገር የጀመሩት የየደብሩ ጸሐፊዎችና ካህናት ናቸው። በለንደን ከተማ የየአጥቢያው ጸሐፊዎች የሞቱትን ሰዎችና የሞታቸውን ምክንያት በየሳምንቱ ያስመዘግቡ ነበር። ጆን ግራውንት የሚባል ነጋዴ ይህን መዝገብ መርምሮ በ1662 መጽሐፍ አወጣ። መዝገቡ የሟቹን ዕድሜ ስለማይናገር፣ ከሕፃናት ደዌ ስም ተነሥቶ ከ100 ልጆች 36 ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ ብሎ ገመተ። በስዊድን አገር ደግሞ ከ1749 ጀምሮ ቄሶች የየደብራቸውን ልደትና ሞት ጽፈው ለመንግሥት እንዲልኩ ታዘዘ። ፔር ቫርጄንቲን የሚባለው የከዋክብት ሊቅ ከዚህ ተነሥቶ በ1766 የሞትን መጠን በየዕድሜው ለይቶ አሳተመ። የእንግሊዝ ሰዎች ግን በዚህ ዘገዩ። በ1753 ለፓርላማ የቀረበው የሕዝብ ቈጠራ ሕግ ሳይጸድቅ የቀረ ሲሆን፣ ከተቃወሙት መካከል ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ስላስቈጠረ የደረሰበትን ቅጣት የጠቀሱ ነበሩ። ቈጠራው የተደረገው በ1801 ነው።

የደብር መዝገብም ቢሆን ጕድለት ነበረው። የሚጻፈው ጥምቀት እንጂ ልደት ስላልነበረ፣ ሳይጠመቅ የሞተ ልጅ ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ ይቀር ነበር። ወንድ በ40 ሴትም በ80 ቀን ክርስትና በምትነሣበት በኢትዮጵያ ይህን ለመረዳት አያስቸግርም። ሞት በሕፃናት ላይ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነውና፣ የክርስትና ስም ሳያገኝ ያለፈውን የሚያስበው እናቱ ብቻ ናት።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደትና ሞት በመዝገብ እንዲጻፍ ቢደነግግም፣ ይኸው ክፍል በነጋሪት ጋዜጣ ሌላ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ እንዲቈይ ተደርጎ ነበር። ጠቅላላ የሕዝብ ቈጠራ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ተደርጓል፤ ነገር ግን ቈጠራ በቤት የተገኘውን ይጽፋል እንጂ በሁለት ቈጠራ መካከል ተወልዶ የሞተውን አያገኘውም። የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ አዋጅ ቍጥር 760/2004 ወጥቶ ሥራው በመላው አገር የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ልደት በ90 ቀን፣ ሞትም በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ወሰነ። በሁለተኛው ሳምንት ለሞተ ሕፃን እንግዲህ ሁለት ጽሕፈት ያስፈልገዋል፤ አንዱ መወለዱን፣ ሁለተኛው መሞቱን የሚናገር። ከሐዘን ቤት ተነሥቶ ሁለቱንም ለማስጻፍ ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት የሚሄድ አባት ግን ብዙ አይደለም።