አልፎ አልፎ አልነሣ ስለሚል መኪና፤ ሕመሙን ስለ መለየትና ስለ ማስተካከል

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ላሉ ሹማምንትና ባለይዞታዎች የተጻፈ

መኪና ለወረዳ ሥራ የሚሰጠው ጥቅም የታወቀ ነው። ዘርና ማዳበሪያ ከመጋዘን ወደ ገበሬው የሚደርሰው፥ የእንስሳት ሐኪም የታመመ መንጋ ወዳለበት የሚሄደው፥ ምጥ የጠናባትም ሴት ወደ ሐኪም ቤት የምትወሰደው በእርሱ ነው። ጨርሶ የተሰበረ መኪና ሥራን ቢያጓድልም ሰውን አያታልልም፤ ሌላ ይፈለግለታልና። እጅግ የሚያስቸግረው ግን ዛሬ ተነሥቶ ነገ እንቢ የሚለው ነው። ባለሙያው ዘንድ በደረሰ ጊዜ ደኅና ሆኖ ይነሣና ሕመሙ ሳይታወቅ ይመለሳል። በዚህም መካከል ጤነኛ ባትሪ ይጣላል፥ ሾፌሩ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል፥ የመዝሪያውም ወራት ያልፋል።

ቤድ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ ኦቶሞቢል ባመጣ ጊዜ፥ የዚያ ዘመን ሞተር የሚነሣው መዘውሩን በእጅ በማዞር ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በ1904 ዓ.ም. ገደማ አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ ያዘጋጀው የኤሌክትሪክ ማስነሻ በካዲላክ መኪና ላይ ዋለ። ከዚያ ወዲህ የክንድ ድካም ቀርቶ የሞተር መነሣት በባትሪ፥ በሽቦና በሞተሪኖ ላይ ተመሠረተ። ስለዚህ ከእነዚህ አንዱ ሲላላ ሁሉ ይቆማል።

የጎጃም ደጋ ደግሞ ለዚህ ነገር የራሱ ጠባይ አለው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ የሌሊቱም ብርድ የባትሪን ኃይል ይቀንሳል፥ የሞተሩንም ዘይት ያወፍራል። በክረምት እርጥበት ወደ ሽቦና ወደ ነዳጅ ይገባል። ከዐባይ ሸለቆ ወደ ደጀን የሚወጣ መኪናም ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዳገት በሙቀት ስለሚወጣ፥ ደጀን ላይ ጥቂት አርፎ እንደገና ሲፈለግ አልነሣ ማለቱ አለ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ብሎን መፍታት ሳይሆን መጻፍ ነው። ሐኪም በሽተኛውን «መቼ ያምሃል?» ብሎ እንደሚጠይቅ፥ መኪናውም እንቢ ባለ ቁጥር ቀኑ፥ ሰዓቱ፥ ብርድ ወይም ሙቀት መሆኑ፥ ዝናብ መጣሉ፥ ስንት ሰዓት እንደ ቆመና በምን እንደ ተነሣ በመዝገብ ይጻፍ። አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ከተጻፈ በኋላ ሕመሙ የሚመጣበት መንገድ ይገለጣል። ከዚህም ቀጥሎ ቁልፉ በተዞረ ጊዜ የሚሆነውን በሦስት መለየት ያስፈልጋል።

አንደኛ፤ ሞተሪኖው ጨርሶ ዝም ቢል ወይም ቀጭ ብሎ ቢቀር። የፊት መብራቱ ይብራና ቁልፉ ይዞር። መብራቱ እጅግ ቢደክም ወይም ቢጠፋ ባትሪው ደክሟል፥ ወይም የባትሪው መያዣ ላልቷል፥ ወይም ዝጓል ማለት ነው። መብራቱ ሳይለወጥ ቢቀር ግን ኃይሉ ወደ ሞተሪኖው አልደረሰምና ቁልፉ፥ ከቁልፉ የሚሄደው ቀጭን ሽቦ፥ በሞተሪኖውም ላይ ያለው መዳብ መመርመር አለበት። ይህ መዳብ ሲበላ አሥር ጊዜ ቀጭ ብሎ በአሥራ አንደኛው የሚነሣ መኪና ያሳያል። ማርሹን ራሱ የሚለውጥ መኪና ከሆነ ዘንጉን ወደ መካከለኛው ቦታ መልሶ መሞከር ይገባል።

ሁለተኛ፤ ሞተሪኖው እየደከመ በዝግታ ቢያዞር። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞልቶ ባረፈ ጊዜ 12.6 ያህል፥ በግማሽ ሲሆን 12.2 ያህል ያሳያል። ሲያስነሣ ከ10 ቮልት ብዙ ዝቅ ካለ ባትሪው ይጠረጠራል፤ ሞተሩ ተነሥቶም ከ13.8 እስከ 14.5 ካላሳየ ዲናሞው አይሞላውም። ነገር ግን ባትሪውን ከመግዛት በፊት የመለኪያው አንድ ጫፍ በባትሪው ምሰሶ፥ ሁለተኛው በመያዣው ላይ ሆኖ ቁልፉ ይዞር። ከግማሽ ቮልት የበለጠ ካሳየ ጥፋቱ የመጋጠሚያው ነው። ከባትሪው ነጌቲቭ ወደ ሞተሩ አካል የሚሄደውም ወፍራም ገመድ እንዲሁ ይመርመር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። አዲስ ባትሪ ሲገባ መያዣው ተፍቆ ይጠብቃልና መኪናው ሁለት ሳምንት ደኅና ይነሣል፤ ምስጋናውም ለአዲሱ ባትሪ ይሰጣል። ዝገቱ በተመለሰ ጊዜ ግን ሕመሙ አብሮ ይመለሳል። የብርጭቆ ወረቀት፥ ሙቅ ውኃና ጥቂት ሶዳ የሚያድኑት ነገር የአንድ ባትሪ ዋጋ ማስወጣቱ ያሳዝናል።

ሦስተኛ፤ ሞተሪኖው በደኅና እያዞረ ሞተሩ ባይነሣ። ይህ የነዳጅ ወይም የእሳት ጉድለት ነው። ናፍታ የሚጠጣ ሞተር በጧት ብርድ ብቻ እንቢ ካለ ማሞቂያ ካንዴላዎቹ፥ ሌሊት አድሮ በእጅ ፓምፕ ሲገፋለት ከተነሣ ደግሞ አየር የሚያስገባ ቱቦ ይፈለግ። ነዳጅ በበርሜል በሚቀመጥበት ስፍራ ውኃ ከሥር ይጠራቀማልና የማጣሪያው ውኃ በጊዜው ይፍሰስ። ቤንዚን የሚጠጣ ሞተር በዝናብ ማግስት ካመፀ የካንዴላው ሽቦዎች ይድረቁ። ከዳገት በኋላ በሙቀት ብቻ ካመፀና ሲበርድ ከተነሣ፥ በአሮጌው ዓይነት ቤንዚኑ በቱቦ ውስጥ ተንኖ ይሆናል፤ በአዲሱ ዓይነት የሞተሩን መዞር የሚቈጥረው መሣሪያ በሙቀት ይደክማል። ለአሮጌው እርጥብ ጨርቅ በቱቦው ላይ ማድረግ ይበቃል፤ በጋለ ሞተር ላይ ግን ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ፈጽሞ አይገባም።

ይህ ሁሉ ሲደረግ ጥንቃቄ አይጓደል። ማርሹ ይለቀቅ፥ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፥ ጎማውም በድንጋይ ይታገድ። ባትሪው የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ እሳትና ሲጋራ አይቅረበው። ሲፈታ ነጌቲቩ አስቀድሞ ይፈታ፥ ሲታሰርም በመጨረሻ ይታሰር።

መኪናን በሰው እያስገፉ ወይም በቁልቁለት እያቆሙ ማስነሣት ሕመሙን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም፤ ቁልቁለት በሌለበት፥ ሰውም በማይገኝበት ሌሊት ይገለጣልና። ስለዚህ እያንዳንዱ ሹም በሚያዝበት መኪና ውስጥ መዝገብና የቮልት መለኪያ እንዲኖር ያድርግ፤ የባትሪውንም መያዣ ክረምት ሳይገባ ያስጠርግ። ሾፌሩንም ከመውቀሱ በፊት መዝገቡን ይመልከት። ይህ ቢደረግ የመንግሥት ገንዘብ ከከንቱ ወጪ ይድናል፤ ማዳበሪያውም በሐምሌ፥ ገበሬው ጤፉን ሳይዘራ ይደርስለታል።